ልደቴ በፓስፖርት 21፣ በሰርተፍኬት 22፦ የጀርመን ቪዛ ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ቀረው

«ኅዳር ሲታጠን»፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ካለ ይቅርታ። ባሳጥረው «ሰነድሽን አስተካክለሽ ሂጂ» ብላችሁ እንዳታልፉኝ ፈርቼ ነው።

ባለቤቴ ጀርመን፣ ካሰል ነው የሚኖረው። የመኖሪያ ፈቃድ አለው፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የተጋባነው በ2016 ጥር እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስድስት ኪሎ ጎተ ጀርመንኛ ተምሬ የኤ-1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተናውን በ71 አልፌያለሁ (ማለፊያው 60 ነው፣ ጉራዬን ፍቀዱልኝ)። ቀበና ኤምባሲ ለቤተሰብ ቪዛ፣ ያው «ዲ ቪዛ» የምንለው፣ ቀጠሮ ደርሶኝ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ትናንት ማታ ወረቀቶቼን አልጋ ላይ ዘርግቼ በተራ ስደረድር ነው ዓይኔ ያረፈበት። የተወለድኩት ኅዳር 12 ቀን 1988 ነው፣ የሚካኤል ዕለት። ዘመድ ሁሉ እስከ ዛሬ «ኅዳር ሲታጠን የተወለደችው» ነው የሚለኝ፤ እናቴ ምጥ ላይ ሆና ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ነበር አሉ። ፓስፖርቴ 21 ኖቬምበር 1995 ይላል። የልደት ሰርተፍኬቴ በአማርኛው ኅዳር 12፣ በእንግሊዝኛው 22 ኖቬምበር ይላል። የጋብቻው ደግሞ የፓስፖርቱን ተከትሎ 21። የአያቴ ስም ገብረማርያም በአንዱ ተያይዞ በሌላው ተነጥሎ መጻፉን አሁን አላነሳም፣ እሱን ቻልኩት።

ጉዳይ አስፈጽማለሁ የሚል ልጅ አገኘሁና «በሁለት ቀን 21 የሚል አዲስ የልደት ሰርተፍኬት አወጣልሻለሁ፣ 8 ሺህ ብር» አለኝ። አማርኛው ምን ሊባል ነው ስለው «ኅዳር 11 ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። ባለቤቴ ክፈይውና እንገላገል ይላል። እናቴ ደግሞ «ሚካኤልን ከ12 ወደ 11 የሚያመጣ ማን ነው?» ብላ ተቆጥታኛለች።

ምን ላድርግ? እንዲሁ ይዤው ልግባ? ቀጠሮውን ልተወው? በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ።


«የሰፈር ልጅ»፦

እህቴ፣ የአንድ ቀን ልዩነት ማን ያይልሻል? ዝም ብለሽ ግቢ። እኔ ስሜ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ዱባይ ደርሼ ተመልሻለሁ።


«ኑርንበርግ ያለችው»፦

ወንድሜ፣ ዱባይ ለሳምንት ደርሶ መመለስና ጀርመን ለትዳር መግባት አንድ አይደለም። ለአጭር ጉብኝት የሚሰጠው ሸንገን ቪዛ እስከ 90 ቀን ነው፤ ይሄኛው ግን ለመኖር ነው፣ ፋይሉም ባልሽ ያለበት ከተማ ድረስ ይሄዳል።

እህቴ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ። ያንን ገንዘብ የከፈልኩት ሰው እኔ ነኝ። በኔ ጊዜ 3 ሺህ ነበር።

የተወለድኩት ጥር 10 ቀን 1985፣ የከተራ ዕለት ነው። በፈረንጅ 18 ጃንዋሪ 1993 መሆኑ ነው። የፓስፖርት ፎርም ስሞላ ግን ሰባት ደምሬ 1992 አልኩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚደመር ማን አጣው! ወረፋ ላይ ቆሞ በሰው ጀርባ ላይ ፎርም የሚሞላ ሰው ግን የተማረውን ሁሉ ይረሳል። ማንንም አልወቅስም፣ የገዛ እጄ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱ በኋላ ሲወጣ ትክክለኛውን 1993 ይዞ ወጣ፤ እኔም ልክ እንዳንቺ የነቃሁት ቀጠሮው ሲቃረብ ነው።

ያኔ አንዱ መጣና «ሰርተፍኬቱን ከፓስፖርቱ ጋር እናስማማዋለን» አለኝ። ቃሉ ራሱ ደስ ይላል፣ የተኳረፈ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይመስላል። አስማማልኝ። ጥር 10 ቀን 1984 የሚል፣ ማኅተሙ ገና ያልደረቀ ወረቀት ይዤ፣ ማኅተም የሚያስፈልገው ቦታ ሁሉ አስመትቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ገባሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ ምንም አላለችም። እኔማ አለቀ ብዬ ከቀበና እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ደስታ ነው።

ያልገባኝ ነገር ይሄ ነበር። ጀርመኖች ለኢትዮጵያ ሰነድ ሌጋላይዜሽን የሚባለውን፣ ማለትም ማኅተም አይቶ ማጽደቅን፣ ትተውታል። በምትኩ ይዘቱን ያጣራሉ። ኤምባሲው የሚተማመንበት ጠበቃ ይመደባል፣ የማጣሪያውን ወጪ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፣ ሰውየው ሄዶ መዝገቡን ራሱን ይከፍታል። እኛ አገር ማኅተም ሲበዛ እውነት የሚሆን ይመስለናል። ማኅተሙ ግን «ይሄ ፊርማ የዚህ መሥሪያ ቤት ነው» ከማለት አያልፍም።

ጠበቃው የኔን መዝገብ ሲከፍት አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ተወልዳ አገኛት። ከአንድ እናት፣ ሁለቴም በከተራ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት። መንታ እንዳይባል ዓመቱ አይገጥም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የመጀመሪያው ስህተት የመደመር ስህተት ነበር፣ ማንም ቁጭ ብሎ ቢያስብ ይገባዋል። ሁለተኛው ግን አውቄ ያደረግኩት ነው። ከዚያ በኋላ ያነበቡት ወረቀት ሁሉ ሌላ ቀለም ያዘ። ጋብቻውንም ተጠራጠሩት። እኔን ቀበና፣ ባለቤቴን ኑርንበርግ፣ በአንድ ቀን ለየብቻ ጠየቁን፦ የት ተዋወቃችሁ፣ ሽማግሌ ሆኖ ማን ሄደ፣ እህቱ ስንት ልጅ አላት፣ በሰርጉ ስንት ሰው ነበር። እሱ ሁለት መቶ አለ። እኔ ከአራት መቶ በላይ አልኩ። እሱ የቆጠረው ሰርጉን ነው፣ እኔ መልሱንም ጨምሬ ነው! ይሄንን ለጀርመን በአስተርጓሚ ማስረዳት ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺው፤ «መልስ» ሲባል ለምን ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ብሎ የጠየቀም ነበር።

በመጨረሻ አምኜ ጻፍኩላቸው። ፓስፖርቱን ስሞላ ተሳስቻለሁ፣ ከዚያ ስህተቱን ለመሸፈን ሁለተኛ ሰርተፍኬት አስወጥቻለሁ፣ ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው አልኩ። የክርስትና ወረቀቴንና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገቤን ጨመርኩ። ቪዛውን አገኘሁ፣ ግን ከሰባት ወር በኋላ። ከኔ ጋር በአንድ ሳምንት የገባች ጓደኛዬ በዚያ ጊዜ ፍራንክፈርት ገብታ፣ ቤት ተመዝግባ፣ የብርድ ጃኬት ገዝታ ፎቶ ትልክልኝ ነበር።

ስለዚህ ላንቺ የምልሽ፦ ሰርተፍኬትሽ ልክ ነው፣ አትንኪው። ልክ የሆነውን ወረቀት ከተሳሳተው ጋር ለማስማማት ብለሽ አታሳስቺው። ልዩነቱን ራስሽ አንስተሽ፣ እነሱ ሳይጠይቁሽ በአንድ ገጽ አስረጂ። አጭር ይሁን፤ እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት አራት ገጽ ነበር፣ ጀርመን ያለ የባለቤቴ ጓደኛ አንብቦ «ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የንስሐ ወረቀት?» አለኝ። የትኛው ሰነድ ምን እንደሚል፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ፣ ማስረጃውም ምን እንደሆነ ጻፊ፤ ቀንና ፊርማ፣ በቃ። በእንግሊዝኛ ይሁን ወይም በጀርመንኛ፣ ግን በኤ-1 ጀርመንኛሽ ራስሽ እንዳትጽፊው፣ በ71ም ቢሆን።

እድሜው የገፋ ወረቀት ፈልጊ። ይሄ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ2008 መጨረሻ ነው። እኔና አንቺ ስንወለድ የመዘገበን የለም፤ ሰርተፍኬታችን የተሠራው ካደግን በኋላ፣ እኛው በተናገርነው ላይ ነው። ስለዚህ አጣሪው ከሱ በፊት የተጻፈ ነገር ይፈልጋል፦ የክርስትና፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ። የኔ የክትባት ካርድ ዳር ዳሩ በአይጥ ተበልቶ ነበር፤ እንደዚያው አቀረብኩት፣ እንደዚያው ተቀበሉት።

ስለ ሌላው በአጭሩ። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። በኔ ጊዜ ወደ 4 ሺህ ብር ነበር፤ በ2016 ሐምሌ ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ከ10 ሺህ በላይ ሆኗልና ተዘጋጂ። (ባልሽ የጀርመን ዜጋ ቢሆን ነጻ ነበር።) ፋይልሽ ከቀበና ወደ ካሰል የውጭ ዜጎች ቢሮ ይሄዳል፤ ያ ቢሮ ባልሽን ጠርቶ የደሞዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የጤና መድን ይጠይቀዋል፤ ያ ሳይሆን ቀበና ምንም ማድረግ አይችልም። እንግዲህ ባልሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ቤቱ ስንት ካሬ ነው? ለአንድ አዋቂ 12 ካሬ ሜትር ነው የሚያስቡት። ብዙ ወንዶቻችን «ቤት አለኝ» የሚሉት ከሌላ ሰው ጋር የተከራዩትን አንድ ክፍል ነው። የኔው ባል 17 ካሬ ክፍል ይዞ «ሰፊ ነው፣ አልጋውም ትልቅ ነው» ይለኝ ነበር። ትልቅነቱን እኔ አልጠላሁም፣ የቢሮው ሰው ግን አልጋ አይለካም።


«ኅዳር ሲታጠን»፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ለልጁ አሁኑኑ ደውዬ ተወው አልኩት፤ «ትመለሻለሽ» ብሎ ዘጋው። ቤቱ 38 ካሬ ነው፣ ፎቶውን ልኮልኛል፤ ካሬውን ግን ውሉ ላይ እንዲያይ ነግሬዋለሁ።

አንድ ያልገባኝ ነገር። ደብዳቤው ላይ «ልዩነቱ ከየት እንደመጣ» ጻፊ አልሽኝ። ከየት እንደመጣ እኮ አላውቅም! ጎግል ላይ ስፈልግ አንዱ መቀየሪያ 21 ይለኛል፣ ሌላው 22። ኅዳር ሚካኤል ሁልጊዜ በ21 አይደለም እንዴ የሚውለው?


«ጋሼ ተርጓሚው»፦

ልጄ፣ እኔ ሰነድ ስተረጉም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከመጣብኝ ጭቅጭቅ ግማሹ ይህችው አንዲት ቀን ናት።

ኅዳር 12 አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር 21 ይውላል። በአራት ዓመት አንዴ ግን በ22 ይውላል፤ ያንቺ ዓመት ከእነዚያ አንዱ ነው። 1987 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ስለዚህ 1988፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ፣ የገባው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፤ ግፊያው የሚያበቃው ፈረንጆቹም በተራቸው ፌብሩዋሪን 29 ሲያደርጉ ነው። በ1988 ይህ የሆነው የካቲት 21 ላይ ነው። ከየካቲት 22 በኋላ የተወለደ ሰው ምንም ችግር የለበትም፤ አንቺ ግን ኅዳር ላይ ነሽ፣ መሀሉ ውስጥ።

አስልተሽ ልታረጋግጪ ከፈለግሽ፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 71 ቀን አለ። ከሴፕቴምበር 12 ላይ 71 ቁጠሪ፦ እስከ ሴፕቴምበር 30 አሥራ ስምንት፣ ኦክቶበር ሠላሳ አንድ፣ ተደምሮ 49፤ የቀረው 22። ኖቬምበር 22፣ 1995።

ስለዚህ ሰርተፍኬትሽን የሞላው ሰው አዋቂ ነበር፤ እጁ ይባረክ። ፓስፖርትሽ ላይ የገባው «ሚካኤል በ21 ነው» ከሚለው ልማድ ነው፤ አንቺም እንደዚያው ስትዪ ነበርና። ሁለቱም ሰነድ የሚናገሩት ስለ አንድ ቀን ነው፣ እሱም ኅዳር 12። ደብዳቤሽ ላይ ይህንኑ ጻፊ፤ የሁለት ቀን መቁጠሪያ ጉዳይ እንጂ የሁለት ልደት ጉዳይ አይደለም።

የአያትሽን ስም ግን አትናቂው። ገብረማርያም የሚለውን ፎርሙ ላይ ፓስፖርቱ እንደጻፈው ብቻ ሙዪ፤ ተነጥሎ ከሆነ ነጥለሽ፣ ተያይዞ ከሆነ አያይዘሽ። በደብዳቤው መጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪለት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እናትሽን፣ የተወለድሽው ከሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ኤምባሲው አይፈልገውም፤ እኔ ነኝ የምፈልገው።


«ሕግ ነክ»፦

በደብዳቤው እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። ስህተቱ ያለው ፓስፖርቱ ላይ ከሆነ መታረም ያለበት ፓስፖርቱ ነው። ዛሬ በደብዳቤ ብታልፍ ነገ ጀርመን ልጅ ስትወልድ የልጁን ልደት የሚመዘግበው ቢሮ የእናትየውን የልደት ሰርተፍኬትና ፓስፖርት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ያው ጥያቄ ይመለሳል። እኔ ብሆን በሰርተፍኬቱ መሠረት ፓስፖርቱን አሳርሜ፣ ከዚያ ቀጠሮ እይዛለሁ።

ሌላው፣ «ቢከለክሉኝ ይግባኝ እላለሁ» ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፦ ድሮ ለራሱ ለኤምባሲው ድጋሚ እንዲያየው የሚጻፍ ደብዳቤ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ አዲስ ማመልከት ወይም በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ያለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ ማብራሪያ ካላችሁ መጀመሪያውኑ ከፋይሉ ጋር ይግባ። በኋላ የምታስገቡበት በር ጠቧል።


«ኑርንበርግ ያለችው»፦

ስለ ልጅ ልደት ምዝገባ «ሕግ ነክ» እውነቱን ነው። ሴት ልጄን ስወልድ ከሆስፒታል ከወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ይሄው ፋይል ተከፈተ። ወተት ያጋተ ጡቴን ይዤ፣ አንድ እጄ ጋሪ ላይ፣ ስለ 1984ና 1985 ሳስረዳ ነበር። ያኔ ግን የቪዛው ደብዳቤ ኮፒ ነበረኝ፣ እሱን ሰጠኋቸው፣ አለፈ።

ፓስፖርት ማሳረሙ በሦስት ሳምንት አይደርስልሽም፣ ቀጠሮ መልቀቅም ቀላል አይደለም። የፓስፖርት ቁጥሩ ሲቀየር ደግሞ የሞላሽው ፎርም ሁሉ ከአዲስ ነው። እኔ በደብዳቤው እገባ ነበር፤ «ሕግ ነክ» ፓስፖርቱን ያስቀድማል። ጊዜሽንና ልብሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሁለታችንም ግን ያንን የ8 ሺህ ብር ወረቀት አትንኪ እያልን ነው።


«ሪያድ ነኝ»፦

ሰላም፣ በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ሳዑዲ በሕጋዊ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ባለቤቴ ጀርመን በስደተኝነት ተቀባይነት ያገኘው በቅርቡ ነው። የተጋባነው ከመሰደዱ በፊት ነው። ለዚህ ስል አዲስ አበባ መመለስ አለብኝ? ጀርመንኛ ደግሞ አንድ ቃል አላውቅም።


«ኑርንበርግ ያለችው»፦

የኔ እህት፣ በሕጋዊ መንገድ የምትኖሪበት አገር ያለው የጀርመን ኤምባሲ ነው የሚመለከትሽ፤ ሪያድ አለ፣ እዚያው ጠይቂ። የባልሽ ስደተኝነት ከጸደቀና ጋብቻችሁ እሱ ጀርመን ከመግባቱ በፊት ከሆነ የኤ-1ን ፈተና አይጠይቁሽም። አሁን ግን ሌላውን ሁሉ ተዪና ይሄን ያዢ፦ ተቀባይነት ካገኘበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ ቤተሰቤን አመጣለሁ ብሎ ጥያቄ ማስገባት አለበት። በጊዜው ከገባ የደሞዝና የቤት ስፋት ጥያቄ ይቀርላችኋል፤ ካለፈ ግን እንደ ሌላው ሰው ነው። ዛሬውኑ ደውዪና ወረቀቱ የደረሰው መቼ እንደሆነ ጠይቂው። «በቅርቡ» አትበዪኝ፣ ቀኑን!


«ሪያድ ነኝ»፦

ደወልኩ። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። ነገ ጠዋት የስደተኞች አማካሪ ጋ ይሄዳል። ተባረኪ።


«ኅዳር ሲታጠን»፦

ወሰንኩ። በደብዳቤው እገባለሁ። ፓስፖርቱን ደግሞ ጊዜው ደርሶ ሳሳድስ አሳርመዋለሁ፤ ይሄንንም ደብዳቤው ላይ እጽፋለሁ። ባለቤቴን አሳመንኩት፤ ያሳመነው እንኳ የናንተ ምክር አይደለም፣ ሁለት ጊዜ የተወለደችዋ ሴት ታሪክ ናት፤ ሲስቅ ስልኩ ወደቀበት። ውሉንም አይቶታል። 38 ያለኝ ከነበረንዳው ነው፤ ቤቱ ራሱ 34 ነው። ይበቃል አይደል?

ጋሼ፣ እናቴን እንዳሉኝ ጠየቅኋት። ምንም ሳታስብ «ረቡዕ ነዋ» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት፣ ለሚካኤል የምታወጣው ዝክር ነበረባት። በግ ሊታረድ አስባ ሳለ ቀኑ ረቡዕ ሆኖ ጾም ስለገባባት ሽሮና ምስር ወጥ አሠርታ፣ ያም ሳይወጣ ምጡ መጣባት። ጎረቤቶቹ ድስቱን ከኛ ቤት ወደ እትዬ ቤት አሻግረው ዝክሩ እዚያ ተበላ። እናቴ እስከ ዛሬ የሚቆጫት እሱ ነው፣ ከዚያ ሽሮ አለመቅመሷ።


«ጋሼ ተርጓሚው»፦

34 ይበቃል፤ ለሁለት ሰው 24 ነው።

ኖቬምበር 21፣ 1995 ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ 22 ነው። እናትሽ ከጎግል ይበልጣሉ፤ ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤው ላይ ግን ሽሮውን አትጻፊው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ትበቃለች።